ከሰላምታ ያለፈ ቃል

ሱራፌል ይማም ጠዋት ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ድንጋዩን ያነሳል። ድንጋዩ የሚያድረው ከበሩ ኋላ፣ ከጃንጥላው ጎን ነው። ሚስቱ ሶልያና ማንገቻውን በትከሻው ላይ ታስተካክልለታለች፣ ማጅራቱ እንዳይላጥ ፎጣ አጥፋ ከሥሩ ትሸጉጥለታለች፣ ከዚያ ኮሌታውን ሳብ አድርጋ «በል ደህና ዋል» ትለዋለች። ድሮ የደንብ ልብሱን ክራባት ስታስተካክልለትም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እሷ ለምዳዋለች። እሱ አልለመደም።

ወይራ አምባ ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ሰው አምባው ላይ በሚያወጣውና በሚያወርደው የአየር ገመድ ጣቢያ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንገታቸውን የደፉ ሁለት ሦስት ሰዎች አይጠፉም። አንደኛዋ ስለ አንድ ዘፋኝ ድምፅ ያለችው ነገር አለ። ሌላው አንድ ቀልድ ቀልዷል። ጥግ ይዞ የሚቆመው ሽማግሌ ምን ተናግሮ እንደተሸከመ እሱም ሰዉም ረስቶታል፤ ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። ተሳፋሪው ቦታ ይለቅላቸዋል፣ ዕቃቸውን ይይዝላቸዋል፣ ልጆች በጣታቸው እንዳይጠቁሙባቸው ይቆጣል። ወይራ አምባ ጨዋ ከተማ ናት።

ነገሩ የተጀመረውም በደግ ሐሳብ ነበር። የድሮ ሰው የበደለ እንደሆነ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ሰው ደጅ ይንበረከካል። ተበዳዩ ወጥቶ «አውርድ፣ ይቅር ብያለሁ» ይለዋል፤ ድንጋዩ ይወርዳል፣ አብረው ይበላሉ፣ አለቀ። የከተማዋ ሰዎች በአደባባይ ንግግር የሚነሳው ጠብ ሲበዛባቸው፣ ሰው ከማሰርም ከሥራ ከማባረርም የራሳችን ወግ ይሻላል ብለው ይህንኑ አነሱ። አንዲት ነገር ብቻ ለወጡ። በአደባባይ የተናገረ ሰው የበደለው ሕዝቡን ሁሉ ስለሆነ፣ አውርድ የሚለውም ሕዝቡ ሁሉ ይሁን ተባለ። ሕዝቡ «ይቅር» ወይም «አልተውም» እያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ይቅር ባዩ የበለጠ ቀን ድንጋዩ ይወርዳል። ሲሰሙት ምንም አይጎረብጥም። ሕዝብ ደጁ የት እንደሆነ፣ የት ሄደው እንደሚንበረከኩለት፣ ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም።

እስኪወርድ ድረስ ባለድንጋዩ በአደባባይ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይናገርም። ድንጋዩ ውስጡ መስሚያ አለው፤ የሚባለውን ሁሉ ያዳምጣል። ቤቱ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ያሻውን ማውራት ይችላል፤ እንግዳ ከገባ ግን ቤቱም አደባባይ ነው፣ ድንጋዩን አንስቶ መሸከም አለበት። ያለፈ ቃል የተናገረ እንደሆነ ድንጋዩ ይጮኻል፣ የተቆጠረለት ይቅርታ ሁሉ ይሰረዝና ከዜሮ ይጀምራል። ሌላውም ሰው ከባለድንጋይ ጋር ረዥም ወሬ ይዞ መታየት አይወድም፤ ሰላም ብሎ ያልፋል።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ግን አንድ ነገር ሳያስቡት ቀርተዋል። የዚያ አገር ሰው ሰላምታው የት ላይ እንደሚያልቅ አያውቅም።

«እንዴት አደርክ ሱራፌል?» ይለዋል የጣቢያው ዘበኛ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ? ልጆቹ እንዴት አደሩ? ጉልበትህስ እንዴት አደረ?»

«ይመስገን። አለቃህ እንዴት አደረ? ያ የተሰበረው መዘውር እንዴት አደረ?»

«መዘውሩ ደህና አላደረም። አለቃው እንዴት ያድራል ብለህ ነው?»

እንዲህ እየተባለ ሙሉ ወሬ ይወራል። ድንጋዩ ሰላምታን ከወሬ መለየት አቅቶታል። ሊያስተካክሉት ከሩቅ የመጡ መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሰላም ሲባሉ ዋሉና፣ ተስፋ ቆርጠው በማግስቱ ተመለሱ ይባላል። ባለድንጋዮች የታመመ የሚጠይቁት፣ ዕቃ የሚዋዋሱት፣ አንዳንዴም የሚሰዳደቡት በእንዴት አደርክ ነው። የማይቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰላምታ መጠየቅ ይቻላል እንጂ ቃል መስጠት አይቻልም። «እሺ» ማለት፣ «እምቢ» ማለት፣ «ሰጥቻለሁ» ማለት አይቻልም።

ሱራፌልን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። ልጁ አስካለ ልታገባ ነው። የቅድመ አያቶች ስም ተመልሶ ፋሽን በሆነበት ዘመን ስለተወለደች ነው እንጂ፣ ገና ለጋ ልጅ ናት፤ ሶልያና፣ ሱራፌል የሚባሉት ሽበት ያበቀሉት ናቸው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች አንዴ መጥተው፣ እንደ ወጉ «ዘመድ እንማከር» ተብለው ተመልሰዋል። ለመልሱ የፊታችን እሑድ ይመጣሉ። መልሱን የሚሰጠው አባት ነው። «ልጃችንን ሰጥተናል» ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ይመርቃሉ። አስካለ አንድ ናት፤ ሱራፌል ያንን ቃል የሚናገርበት ሌላ ቀን የለውም። እንዴት አድርጎ እንደሚለው፣ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ ምን እንደሚያደርግ፣ እሷ ገና ጥርስ ስታበቅል ጀምሮ አስቦበታል። ድንጋዩ እስከ እሑድ ካልወረደ ግን የሚናገርለት ታናሽ ወንድሙ ሮቤል ነው። ሮቤል ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቷ ግን አይደለም።

ደግነቱ ጣቢያው በር ላይ ያለው የድምፅ ቆጠራ ሰሌዳ ተስፋ እየሰጠ ነበር። ይቅር ባዩ ቀስ እያለ አልተውም ባዩን እየተጠጋ መጥቷል። ሶልያና ወደ ገበያ ስትወጣም ስትመለስም ሰሌዳውን ሳታይ አታልፍም። የጎደለው ጥቂት ነው፤ እስከ እሑድ ይሞላል ብላ በልቧ ቆርጣለች። ለልጇ ሠርግ ከምትገዛው ቀሚስ ይልቅ ያችን ሰሌዳ አብዝታ አይታለች።

ሱራፌል የተናገረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ወይራ አምባ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ሸንጎ አለ፤ ተናጋሪው በዕጣ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ክርክሩ ስለ ማታ ሞግዚቶች ነበር። ከአምባው ሥር ያሉት ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ስለሚሠሩ የፈረቃ ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚተዉት ለማሽን ሞግዚት ነው። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ተረት ትነግራለች፣ ታስተኛለች። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ከሷ ጋር ይደር ወይስ አይደር ነበር ነገሩ። ያኔ ሱራፌል በአየር ገመዱ ላይ የጣቢያ ስም የሚጠራ፣ ድምፁ ያማረ፣ ተሳፋሪ የሚያስቅ ሰው ነበር። ሸንጎው ፊት ሲቆም ግን ፈራ፤ የጀመረው ነገር አልያዝ አለው። አንዴ ሰዉን አሳቀ፣ ሳቁ ደስ አለው፣ ሌላ ሳቅ ፈለገ።

«ማሽን ያሳደገው ልጅ እናቱ ብትሞት አያለቅስም» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። በማግስቱ ከተማው ቃሉን ደጋግሞ ሰማው፤ ሲደጋገም ማሳቁን ተወ። ሳምንቱ ሳያልቅ ድንጋዩን አሸከሙት፣ ጣቢያ መጥራቱን ትቶ ከኋላ መዘውር ቅባት እንዲቀባ አደረጉት። ካጨበጨቡት ውስጥ ስንቱ «አልተውም» እንዳለ እሱ አያውቅም፤ ብዙ ሳይሆን አይቀርም። አልተውም ለማለት ጥላቻ አያስፈልግም። ይቅር ያለ ሰው «ምነው? ምን አየህለት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አልተውም ያለን የሚጠይቅ የለም። ሶልያና ራሷ በመጀመሪያው ሳምንት አልተውም ብላለች፤ የአስካለ ሥራ እንዳይነካ ብላ። ያኑ ማታ ራት እያቀረበች ነገረችው። «ደግ አደረግሽ» አላት። ከልቡ ነው ያላት፤ ራቱን ግን አልበላም።

ዓርብ ዓርብ ባለድንጋዮች አደባባዩ ላይ ወጥተው የታዘዘውን ቃል ይላሉ፤ እሱን ድንጋዩ ያሳልፈዋል። «ቃሌ ላስከፋቸው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሱራፌል ይህንን ሲል የከረመው ሰው የጣቢያ ስም እንደሚጠራ ነው። ቤቱ ገብቶ ድንጋዩን ሲያወርድ ግን ይነደዋል። «እስቲ አንድ ሰው አምጪልኝ» ይላል ሶልያናን፣ እሷ እንደከሰሰችው ሁሉ። «አንድ በእውነት የተከፋ ሰው። ጆሮ ጠቢ እንጂ የተከፋ የለም።»

የሠርጉ ሽማግሌዎች ሊመጡ በተቃረቡበት ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከታችኛው ጣቢያ አጠገብ ወደሚገኘው የሐጂ አሚር ሻይ ቤት ገባ። ሐጂ አሚር ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከባለድንጋይ ጋር ታዩ አልታዩ የማይገዳቸው ሰው ናቸው። ሻዩን ራሳቸው አምጥተው ከፊቱ ተቀመጡ።

«እንዴት ዋልክ? ሶልያና እንዴት ዋለች? ሙሽራይቱስ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዘሀራስ እንዴት ዋለች?»

ሱራፌል ግራ ገባው። የትኛዋ ዘሀራ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ትንሽ አሰበና «ዘሀራ እንዴት ዋለች? የማን ልጅ እንዴት ዋለች ሐጂ?» አለ።

«የኢክራም ልጅ። ክር ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ኢክራም፣ አላህ ይዘንላትና። አንተ ሸንጎ በወጣህ ሰሞን ነው የሞተችው። ልጂቱን ያሳደገቻት የማታ ሞግዚት ናት። ለቅሶው ላይ እንባ አልወጣት አለ። ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ያንተን ቃል እያነሱ ሲንሾካሾኩ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት አትሄድም፣ ሰውም አይሄድባት። ከፈረቃ ስትመለስ በዚህ ታልፋለች፣ ሻይ ግቢ ብላት ደህና ነኝ ብላኝ ትሄዳለች።»

ሱራፌል ሻዩን አስቀመጠ።  «እስከዛሬ እንዴት ዋሉ ሐጂ?» አለ። ለምን አልነገሩኝም ማለቱ ነው።

«አልጠየቅከኝማ» አሉ ሐጂ አሚር፤ ሳይቆጡ ነው። «መዘውሩ እንዴት አደረ ስትል ሰምቼሃለሁ። የዘበኛው ጉልበት እንዴት አደረ ስትል ሰምቼሃለሁ። የጎዳሁት ሰው እንዴት አደረ ስትል ግን አንድ ቀን አልሰማሁም። እኔም ለልጅህ የደስታ ቀን ሳይደርስ ልንገረው ብዬ ነው፤ ኋላ ብትሰማው ደስታህን ያበላሽብሃል።»

ሱራፌል ወደ ሥራው አልተመለሰም። አፈረ። ድንጋዩን ሲያሸክሙት ያላፈረው ሰው፣ በእንፋሎት የታፈነ ሻይ ቤት ውስጥ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ሰው የበደለውን ሰው ሳያውቅ ለወራት ይቅርታ ሲጠይቅ ይከርማል? እሱ ከርሟል።

ቤቱ ገብቶ ለሶልያና ነገራት። ሰምታው ስታበቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከእሑድ በኋላ ትሄዳለህ» አለች።

«ነገ ነው የምሄደው።»

«ሱሬ፣ ሰሌዳውን አይቻለሁ። ምንም አልቀረም። ቅዳሜ ሊሞላ ይችላል። ከወረደልህ በኋላ ሄደህ እንደ ልብህ ታወራታለህ። እሷም ብትሆን ከንፈርህ ታስሮ ከምትመጣባት…»

«ከወረደልኝ በኋላማ ምን ተሸክሜ እሄዳለሁ?»

 «ሰላም ብለህ ብቻ ትመለሳለህ?» አለችው ሶልያና።

«ሰላም ብዬ ብቻ እመለሳለሁ።»

ነገ እሄዳለሁ ያለው ሰው ግን ሐሙስንም ዓርብንም ሳይሄድ ዋለ። ፈርቷል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ዓርብ አደባባዩ ላይ ወጥቶ «ቃሌ ላስከፋቸው» አለና «ሁሉ» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችው። ከጎኑ የቆመው ሽማግሌ በክርኑ ጎሰም ስላደረገው ነው የጨረሰው። ማታ ሮቤል መጣ፤ ወንድም ስለሆነ ድንጋዩ ከበሩ ኋላ እንዳለ ማውራት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ቆሜ ልናገር ወይስ ተቀምጬ?» አለ ሮቤል። ለእሑዱ ቃል እየተለማመደ ነው።

«ቆመህ ነው እንጂ።»

«ምናልባት ላያስፈልግ ይችላል እኮ። ሰሌዳው ደርሷል ይላሉ።»

«ምናልባት። ግን ቆመህ ነው። ጮክ ብለህ። እሷ ጓዳ ሆና መስማት አለባት።»

ሮቤል ቆመና «ልጃችንን ሰጥተናል» አለ። ድምፁ ቀጭን ነው። ሱራፌል ሳያስበው ደጋግሞ አሳየው፤ ሦስተኛ ላይ ድምፁ ያ የድሮ የጣቢያ ድምፅ ሆኖ ቤቱን ሞላው። ሶልያና ከማድ ቤቱ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሮቤል አንገቱን ደፋ። እሱም በመጀመሪያው ሳምንት አልተውም ካሉት አንዱ ነው፤ ሁሉም ያውቃሉ፣ ማንም አያነሳውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱራፌል ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ዘሀራ የምትኖረው በፋብሪካው ሠራተኞች ረዥም ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ሲያንኳኳ ራሷ ከፈተች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ሴት ናት። ድንጋዩን አየች፣ ፊቱን አየች። ሱራፌል ደጇ ላይ ተንበረከከ። መንበርከክን ድንጋዩ አይከለክልም።

«እንዴት ዋልሽ ዘሀራ?»

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለች። «ገመዱ ላይ ይጠሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ሌላውንም የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት ከረምሽ? እናትሽ ካረፉ ወዲህ እንዴት ከረምሽ? ሰው ሲንሾካሾክብሽ እንዴት ዋልሽ? ብቻሽን እንዴት አደርሽ? ያልበደልሽውን ሲያሸክሙሽ እንዴት ከረምሽ?» ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል። መንገድ ለመንገድ ሲያዘጋጀው የመጣው ሰላምታ ነው፤ መንገድ ላይ ሳለ የሚበቃ መስሎት ነበር።

ዘሀራ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልንገርዎት» አለች። «ሞግዚቴ ደግ ነበረች። ማሽን ናት፣ ግን ደግ ነበረች። ልጅ አልቅሶ አልባበል ካላት እናቱን ከፈረቃ ታስጠራለች፤ እንደዚያ ነው የተሠራችው። እናቴ ተጠርታ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ ክር እንደተጣበቀ ነው፤ ሮጣ ነው የምትመጣው። ታቅፈኝና ትስቃለች። አንድ ቀን አለቃዋን ሰማሁት። ሁለተኛ ከተጠራሽ ቦታሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል አላት። ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም። ሲያመኝም፣ ስፈራም። እንዳይጠሯት ብዬ። ሞግዚቷ ጎበዝ ልጅ ትለኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ላለቅስ ብዬ ጠፋኝ፤ እንዴት እንደሚለቀስ ጠፋኝ። ሴቶቹ የእርስዎን ቃል ሲሉ፣ እውነታቸውን ነው አልኩ። ለካ አልወዳትም ነበር አልኩ።»

ሱራፌል አፉን ከፈተ። «እንዴት…» አለና ቆመ። ከዚህ ወዲያ የሚጠየቅ እንዴት የለም።

«ሰላምታዎን ሰምቻለሁ» አለች ዘሀራ፤ ቀስ ብላ ተነሳች። «ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ ይለኛል። ደህና ነኝ እላለሁ። ለዚሁ ከሆነ የመጡት፣ ደህና ነኝ።» የበሩን እጀታ ያዘች።

ሱራፌል ስለ እሑድ አሰበ። አላሰበም ቢባል ውሸት ነው። አስካለን ጓዳ ሆና ስትሰማ አሰበ፣ ትናንት ማታ ቤቱን የሞላውን ድምፁን አሰበ፣ ሶልያና በሰሌዳው ፊት መቆሟን አሰበ። ልቡ እንዳይናገር ለመነው። በሩ ግን እየተዘጋ ነበር።

«ዘሀራ» አለ፤ «በድዬሻለሁ። ሰዉ እንዲስቅልኝ ብዬ ነው የተናገርኩት። እውነት ይሁን ውሸት ይሁን አላሰብኩትም፣ ሳቁን ነው ያሰብኩት። እውነት አልነበረም። እናትሽን ትወጃት ነበር፤ አንቺ የወደድሻትን ያህል የሚወድ ሰው ብዙ አላውቅም። ይቅር በይኝ።»

ድንጋዩ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሁለቱም ሰሙት። ሽቅብ ጣቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ምን እንደሆነ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ነገ ልጅዎን ሊሰጡ አልነበረም?» አለች ዘሀራ። «ሐጂ ነግረውኛል።»

«ወንድሜ ይሰጣታል።»

ትክ ብላ አየችው። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም አልነበረባትም። በሩን ግን መልሳ ከፈተችው።

«ያውርዱት» አለች። «ይቅር ብያለሁ።»

ሕጉ የአንድ ሰውን ብቻ «አውርድ» አይቀበልም። ሱራፌል ግን ከዜሮ በታች ምን ይቀንሱብኛል ብሎ ማንገቻውን ፈታና ድንጋዩን ደጇ ላይ አስቀመጠው። አንገቱ ቶሎ አልቃና አለው። ዘሀራ ውኃ አመጣችለት፣ ስለ እናቷ አወራችው። ኢክራም ዘፈን እንደማትችል፣ ግን ሰሃን ስታጥብ ሁልጊዜ እንደምትዘፍን ነገረችው። ለማንም ነግራው አታውቅም ነበር፤ የጠየቃት ስላልነበረ ነው። ሊመሽ ሲል ድንጋዩን መልሶ ተሸከመ። ሲሸከመው ዘሀራ ፊቷን አዞረች።

ሶልያና ሰሌዳውን አይታ ነበር የጠበቀችው። ራት አቅርባለች፣ እሷ አልበላችም።

«ተናገርክ» አለችው።

«ተናገርኩ።»

«ምን አለችህ?»

«አውርድ አለችኝ። ይቅር ብያለሁ አለችኝ።»

ሶልያና ድንጋዩን ከትከሻው ስታወርድ እጇ ቆመ። «ታዲያ ይህ የተሸከምከው የማን ነው?» አለች።  ከበሩ ኋላ አስቀመጡት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ሱራፌል ድንጋዩን ተሸክሞ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀመጠ። እንግዳው እየመጣ «እንዴት ዋልክ» ይለዋል፣ «ደህና» ይላል። ቤቱ ሊሞላ ሲል ሐጂ አሚር ገቡ፤ ከኋላቸው ዘሀራ ነበረች። ሴቶቹ አዩዋት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቦታ አበጁላት። እሷ ግን እነሱ ጋ አልሄደችም። ሱራፌል አጠገብ ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ ነበር፤ እዚያ ተቀመጠች።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጥያቄውን አቀረቡ።  ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ ሱራፌል ዞረ፣ ከዚያ ወደ ሮቤል። ሮቤል ቆመ። ጮክ ብሎ ሊናገር ሞከረ፤ «ልጃችንን…» ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ወንድሙን አየው። «ልጃችንን ሰጥተናል» ብሎ ጨረሰና ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ መረቁ፣ እልል ተባለ።

አስካለ ከጓዳ ወጣችና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች፣ የእናቷን ሳመች፣ መጥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች። አባት ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ስሞ መመረቅ አለበት። ሱራፌል ጎንበስ ሊል ሲል ድንጋዩ ወደ ፊት ተንሸራተተና አንገቱን ያዘው፤ አልቻለም። ዘሀራ ሁለት እጇን ከድንጋዩ ሥር አስገብታ ደገፈችው። ማውረድ ክልክል ነው፤ ስለ መደገፍ የተባለ ነገር የለም። ሶልያና በሌላ ጎን መጥታ እጇን ጨመረች። ሱራፌል ጎንበስ አለና የልጁን ግንባር ሳመ።

የሚለው ብዙ ነበረው። የተፈቀደለት ግን አንድ ነው።

«እንዴት ነሽ ልጄ?» አላት።

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ነገ እንዴት ታድሪያለሽ?» አለ ሱራፌል።  ያ የጣቢያው ድምፅ ነበር። «ባልሽስ እንዴት ያድራል? ቤታችሁ እንዴት ይከርማል? ክፉ ቀን ቢመጣ ተደጋግፋችሁ እንዴት ታልፉታላችሁ?»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አሜን» አሉ።

«ልጅ ስታቅፊ እንዴት ትሆኚያለሽ? የምታወሪው ሲያስቅ እንዴት ትስቃላችሁ? ስትሳሳቺ እንዴት በሰላም ትመለሻለሽ?»

«አሜን» አለ ቤቱ። ሮቤልም አለ።

«ልጅሽ ሲያለቅስብሽ እንዴት ሮጠሽ ትደርሺለታለሽ?»

ዘሀራ እጇን ከድንጋዩ ሥር አላነሳችም። አሜን ያለችው መጀመሪያ እሷ ናት።

አስካለ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ጉንጯ ርሷል።

«ደህና እሆናለሁ አባዬ» አለችው።